እማዬ ፎቶ መነሳት አልፈልግም ትላለች፤ አባዬን የሸኘነው በመንጃ ፈቃድ ፎቶ ነው

የልደታ ልጅ
ኅዳር 8፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባዬ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ያረፈው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነበር። ሲነጋ የዕድር ሰዎች ድንኳን ተከሉ። ወዲያው አንድ ጎረቤታችን መጥቶ «ፎቶ ስጡኝና ላሳትም» አለን። ቤቱን አመሰቃቀልነው። አባዬ ሠላሳ ምናምን ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። አምስት ልጆች አሳድጓል። የአምስታችንም የምረቃ ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተደርድሯል። የሱ ግን አንድም የለም። በመጨረሻ የተገኘው መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ ነው። አውራ ጣት ታክላለች። የማኅተሙ ቀለም ግንባሩ ላይ አርፏል።

እሷን አሳድገው ባነር ላይ አተሟት። ወደ ቀብር ስንሄድ ታላቅ ወንድሜ ነበር የያዘው። ፊቱ ፈዟል። ዓይኑ የሱ ዓይን አይመስልም። ሰው ያንን እያየ ያለቅሳል። እኔ ደግሞ «ይሄ እኮ አባዬ አይደለም» እያልኩ ነበር የማለቅሰው።

አሁን እማዬ 75 ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ይዟታል እንጂ ደህና ናት። ስልኬን ሳወጣ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ባለፈው እሑድ ቡና ስታፈላ ላነሳት ስል «ምን ሊያደርግልሽ ነው? ለልቅሶዬ ልታዘጋጂ ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው። ልቤ ውስጥ ያ ባነር አለ።

ሳታየኝ ላንሳት? ወይስ ልተዋት? እናንተ ምን አደረጋችሁ?

ሰሎሜ 77
ኅዳር 8፣ ማታ 3፡42

ነፍስ ይማር እህቴ። አትተያት! እኔ እናቴን ሳታየኝ ነው የማነሳት። ሽሮ ስታማስል፣ ጥጥ ስትፈትል፣ ከጎረቤት ጋር በአጥር ስታወራ። ከሁሉም እነዚያ ደስ ይሉኛል። ካሜራ ያየች ጊዜ ግን ድርቅ ትላለች፣ እጇን ከጎኗ ለጥፋ እንደ ወታደር ትቆማለች።

የፎቶ ቤቱ ሰውዬ
ኅዳር 8፣ ማታ 5፡05

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ 34 ዓመት ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ተላላኪ ነበርኩ። ከዚያ ጨለማ ክፍል ገባሁ፣ በኋላ ካሜራ ላይ ቆምኩ። ያጋጠመሽን ነገር ከሌላኛው ወገን ሆኜ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ገና ሳይነጋ በራችን ይንኳኳ ነበር። ከፍቼ ሳይ ሁለት ሰው ቆሟል፣ ዓይናቸው ቀልቷል፣ አንደኛው በመዳፉ ጉርድ ፎቶ ይዟል። ሳይነግሩኝ ይገባኛል። መጀመሪያ የማደርገው ፎቶውን መገልበጥ ነው። የኛ ፎቶ ቤት ያነሳው ከሆነ ጀርባው ላይ በእርሳስ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ካለ ነጋቲቩን ከሳጥን አውጥቼ ከሱ አሳድጋለሁ። ያኔ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይወጣል። ቁጥር ከሌለው ያችኑ ወረቀት መልሼ ፎቶ አነሳለሁ፣ ያንን አሳድጋለሁ። የፎቶ ፎቶ ነውና ይፈዛል። በእርሳስ ሪታች አድርጌ ቅንድቡን፣ የአፉን ጠርዝ እመልሳለሁ። ግን ያኔ የኔ ስዕል ይሆናል እንጂ የሰውየው ፊት አይሆንም። በአባትሽ ላይ የሆነውም ይሄው ነው። በኮምፒውተር ቢሠራም ያው ነው። ከአውራ ጣት ውስጥ የሌለ ነገር አይወጣም።

አሁን ስለ እናትሽ። ሳያዩሽ አታንሺያቸው። ሰሎሜ ትቆጣኛለች መሰለኝ፣ ግን የማስበውን ልናገር።

በኛ ጊዜ ፎቶ መነሳት ማለት ገላን ታጥቦ፣ ፀጉርን ቅቤ ተቀብቶ ወይ ተበጥሮ፣ ጫማ አስጠርጎ ወደ ፎቶ ቤት መሄድ ነው። ኮት ለሌለው ሰው ኮትና ክራባት እኛ ጋ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። ለቀጭኑ ሰው ኮቱን ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ እንይዝለታለን፣ ከፊት አይታይም። የዚያን ሰው ፎቶ ዛሬ የሚያይ ልጁ «አባቴ ሽክ ያለ ሰው ነበር» ይላል። እውነቱን ነው። ለፎቶው ሲል ሽክ ብሎ ነበር።

እናትሽ በዚያ ሥርዓት ያደጉ ሴት ናቸው። አንቺ ደግሞ ከሰል እያራገቡ፣ ሻሻቸው ተንሸራቶ፣ ድንገት ስልክ ትደቅኚባቸዋለሽ። ለምን አይሸፈኑ? ካሜራውን ጠልተውት ላይሆን ይችላል። ሳይዘጋጁ ስለተመጣባቸው ይሆናል። እጅን ከጎን ለጥፎ መቆምም ድርቅና አይደለም። «ለዚህ ጉዳይ ክብር ሰጥቻለሁ» ማለት ነው።

እንዲህ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ «እማዬ፣ አንድ ፎቶ ቢነሱ ምን ለብሰው፣ የት ተቀምጠው፣ ምን ይዘው መነሳት ይፈልጋሉ?» ሌላ አትጨምሪ። መልሱን ጠብቂ። ቀን ቢፈጅም ጠብቂ።

የልደታ ልጅ
ኅዳር 8፣ ማታ 5፡20

ጋሼ፣ እጄን ያዙኝ ማለት ነው። ይህን አስቤው አላውቅም። ምን ትፈልጊያለሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

ሰሎሜ 77
ኅዳር 9፣ ጠዋት 1፡15

ጋሼ አልተቆጣሁም። ሌሊቱን ሳስበው ነበር። እናቴ የሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሰቀለችው እኔ ካነሳኋት መቶ ፎቶ አንዱንም አይደለም። ድሮ ፎቶ ቤት ሄዳ ፕላስቲክ አበባ አጠገብ ቆማ የተነሳችውን ነው።

በስደት
ኅዳር 9፣ ቀን 7፡30

ሪያድ ነው ያለሁት። ሰው ቤት እሠራለሁ። ሰባት ዓመቴ። ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ ነው የማነበው፣ ዛሬ ግን አሠሪዎቼ ስለወጡ አሁን ልጻፍ።

እናቴን የማያት በኢሞ ነበር። ወንድሜ ስልኩን ይሰጣታል። እሷ ግን ስልክ ማለት ጆሮ ላይ የሚደረግ ነው። «እማዬ ፊትሽን አሳይኝ» እላታለሁ፣ ለአፍታ ታዞረዋለች፣ ማውራት ስንጀምር መልሳ ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች። ስለዚህ እኔ የማየው ጆሮዋን፣ ነጭ ፀጉሯንና የጣሪያውን ቆርቆሮ ነው። እያወራን ስክሪንሾት አደርጋለሁ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ፊቷ ካሬ ካሬ ይሆናል።

ዐምና አረፈች። እኔ የሰማሁት ከአራት ወር በኋላ ነው። ጓደኞቼ ዓርብ ቀን ተሰብስበው መጥተው አረዱኝ። ቤት ውስጥ ፎቶ አልነበራትም። ወንድሜ «አንቺ ጋ ያለውን ላኪ» አለኝ።

እኔ ጋ 11 ፎቶ አለ። ዘጠኙ ጆሮዋ ነው። ግን ጆሮዋ ላይ ትንሽ የወርቅ ጉትቻ አለች። በመጀመሪያ ደሞዜ ገዝቼ ለሰው የላክሁላት ናት። በዘጠኙም ፎቶ ላይ አድርጋታለች። ከ11ዱ አንዱን አሳትሜ አልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ። ሰው ሲያየው ምን እንደሆነ አይገባውም።

የልደታ ልጅ፣ አንቺ አጠገቧ ነሽ። ዛሬውኑ ጠይቂያት።

የልደታ ልጅ
ኅዳር 9፣ ቀን 8፡02

እህቴ። ምን ልበልሽ። ነፍሷን በገነት ያኑርልን። ቢሮ ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ ወጥቼ አለቀስኩ።

ዝምታ
ኅዳር 9፣ ማታ 1፡50

ሁላችሁም «አንሱ፣ አንሱ» ስትሉ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይከነክነኛል።

አባቴ መምህር ነበር። 37 ዓመት አስተምሯል። ያለ ክራባት ከቤት ሲወጣ አይቼው አላውቅም። በመጨረሻ ሆስፒታል ሲገባ ዘመድ ሊጠይቀው መጣና ኦክስጅን ተሰክቶለት፣ አፉ ተከፍቶ፣ ደረቱ ተገልጦ ቪዲዮ አነሳው። «ጸልዩለት» ብሎ ቲክቶክ ላይ ለጠፈው። በክፋት አይደለም፣ ወዶት ነው። በነጋታው ያስተማራቸው ልጆች ከየሀገሩ ደወሉ። አንዱ ደግ ሰው ቪዲዮውን ለአባቴ ራሱ አሳየው። አባቴ መናገር ይቸግረው ነበር። እጁን አንስቶ አንገቱ ላይ ዳበሰ። ክራባቱን ነበር የሚፈልገው።

ስለዚህ፣ ስትጠይቁ ሁለት ነገር ጠይቁ። «ላንሳህ?» እና «ለሰው ላሳየው?» ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ለመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው ለሁለተኛው እሺ አለ ማለት አይደለም።

የፎቶ ቤቱ ሰውዬ
ኅዳር 9፣ ማታ 2፡30

ዝምታ፣ ልክ ብለሃል። ፎቶ ቤታችን መስኮት ላይ የሚሰቀል ናሙና ፎቶ ነበር። ከአንድ ጊዜ በቀር ባለቤቱን ሳናስፈቅድ ሰቅለን አናውቅም። ያኔም የአንዲት ልጅ ፎቶ ያለ ፈቃድ ሰቅለን ወንድሟ መስታወቱን በድንጋይ ሊሰብረው ደርሷል።

ኸይሩ ከደሴ
ኅዳር 9፣ ማታ 4፡00

አሰላሙ ዐለይኩም። የኛ ቤት ደግሞ ሌላ ነው። አባቴ የሰው ምስል ግድግዳ ላይ አይሰቅልም። በሃይማኖቱ ጥንቁቅ ነው። ልጅ ሆኜ ይህ ያስከፋኝ ነበር፣ የጓደኞቼ ቤት ግድግዳ በፎቶ ተሞልቶ ሳይ። አድጌ ግን ጠየቅሁት። «ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት ሲሆን እነሳለሁ። ቤቴ ውስጥ ግን አልሰቅለውም» አለኝ። «ድምፅህንስ ልቅዳው?» አልኩት። ሳቀ። «ድምፅ ምን አለበት!» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ስለ 66 ድርቅ፣ ስለ ሐይቅ ገበያ፣ እናቴን እንዴት እንዳገባ ያወራኛል። ወደ አርባ ሰዓት ደርሷል። መንዙማ ሲያንጎራጉርም ቀድቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ተስቢሁን ሲቆጥር እጁን ብቻ ላነሳው ፈቀደልኝ። ጥፍሩ ላይ የድሮ ጠባሳ አለ፣ በማጭድ የተቆረጠው። ያችን ፎቶ ከሁሉም እወዳታለሁ።

ፎቶ እምቢ ያለ ወላጅ ያላችሁ፣ ድምፅ አለ።

እናት ሀገር ሩቅ
ኅዳር 10፣ ጠዋት 3፡20

ከእስራኤል ነው የምጽፈው፣ አሽዶድ። ወላጆቼ ከጎንደር በእግር ሱዳን ገብተው ነው የመጡት፣ በፈረንጆች 1984። ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ። ያን ጊዜ ሰው የያዘው ውኃ፣ ዳቦ ቆሎና ልጅ ነው። ፎቶ ማን ይይዛል? የነበረውም ቢሆን ማንነታቸውን እንዳያሳውቅ ተጥሏል።

አያቴ ሱዳን ኡም ራኩባ ካምፕ ውስጥ ሞተች። በመንገድና በካምፖቹ ሞተው የቀሩት ቤተ እስራኤላውያን ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው። እናቴ በየዓመቱ ትሄዳለች። የአያቴ ፎቶ ግን በምድር ላይ የለም።

ልጅ ሆኜ «አያቴ ምን ትመስል ነበር?» ስላት እናቴ «እጄን እይ» ትለኛለች። «እጄ የሷ ነው።» አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ እናቴም ከሷ ተምራ ትሠራለች። ባለፈው ክረምት ጭቃ ስታቦካ እጇን አነሳሁት። አውራ ጣቷ ወደ ውጭ ይታጠፋል። የኔም እንደዚያው ነው። የሴት ልጄም።

ትዝታ ጠባቂ
ኅዳር 10፣ ቀን 6፡45

እናት ሀገር ሩቅ፣ የጻፍከው ነገር ሌላ አስታወሰኝ። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያያችሁ አላችሁ? በ2002 ነው የተከፈተው። ግድግዳው በፎቶ የተሞላ ነው። ብዙው ጉርድ ነው። የተማሪ፣ የመታወቂያ። ሁሉም ልጆች ናቸው፣ ቀጥ ብለው ያዩሃል።

አያቴ በዚያ ዘመን አጎቴ ሲያዝ ከጓደኞቹ ጋር የተነሳቸውን ፎቶዎች በሙሉ ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው። ፎቶ ያስገድል ነበር፤ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ያሳያል። አንዷን ግን ትራስ ውስጥ ሰፋቻት። አጎቴ አልተመለሰም። አያቴ እስክትሞት ያን ትራስ ሌላ ሰው አልተኛበትም። አሁን ፎቶዋ እኔ ጋ ናት። ጠርዟ ላይ የክር ቀዳዳ አለ።

ሃርድ ዲስክ
ኅዳር 10፣ ማታ 1፡30

የማኅደር ሥራ ላይ ስላለሁ አሮጌ ፎቶ ቤታቸው ላለ ሰዎች ጥቂት ነገር ልበል። የብዙ ቤት ሀብት በዝምታ እየጠፋ ስለሆነ ነው።

ማጣበቂያ ያለው አልበም አለ አይደል? ፕላስቲኩን ገልጠው ፎቶውን ለጥፈው የሚሸፍኑት። በ80ዎቹ ሁሉም ቤት ገባ። እሱ ፎቶ ይበላል። ሙጫው ውስጥ ለውስጥ ያቢጨዋል። ቀስ ብሎ የሚላቀቅ ከሆነ አውጡት፤ የማይላቀቀውን አትታገሉት፣ እዚያው እንዳለ ስካን አድርጉት። ፍሬም መስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶም እንዲሁ ነው፣ በመስታወቱ ላይ እንዳለ ይነሳ። ስትልጡት የሚቀደደው ፊቱ ነው።

የ60ዎቹና የ70ዎቹ የቀለም ፎቶዎች ለምን ቀይ ቀይ እንደሚሉ ትጠይቁ ይሆናል። ከሦስቱ ቀለሞች ሰማያዊ የሚመስለው ቶሎ ይጠፋል፣ ጨለማ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥም። ቀይና ቢጫው ይቀራል። ጥቁርና ነጩ ግን በብር ስለሚሠራ በደንብ ታጥቦ ከነበረ የአያቶቻችን ዕድሜ ይኖራል። ስለዚህ መጀመሪያ የቀለሞቹን አትርፉ።

ጉርድ ከሆነ በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በላይ ስካን አድርጉ። በቴሌግራምም በዋትሳፕም ስትላላኩ እንደ ፎቶ አትላኩ፣ እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ በሦስት ሰው እጅ ካለፈ የአባታችሁ ቆዳ ሰም ይመስላል። ጀርባው ላይ የማን እንደሆነ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል። ደግሞ አሳትሙ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይወድቃል፣ ፓስወርድ ይረሳል።

የልደታ ልጅ
ኅዳር 10፣ ማታ 3፡00

ዛሬ ጠየቅኋት። ጋሼ እንዳሉኝ፣ ሌላ ሳልጨምር። ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። አንድ ቃል አልመለሰችልኝም። እየጠበቅሁ ነው።

የፎቶ ቤቱ ሰውዬ
ኅዳር 10፣ ማታ 3፡25

ጥሩ ነው። «አልፈልግም» አላሉሽም።

እስከዚያው ስለ ብርሃኑ ልንገርሽ። መስኮት አጠገብ ይቀመጡ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ግማሽ ያህል ያዙሩ። ፍላሽ አጥፊ። የስልኩን ካሜራ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ፣ ስንት ፎቶ በጣት ቅባት ነው የሚበላሸው። ነጭ ልብስና ነጠላ ካደረጉ ስልኩ ይታለላል። ነጩ ሲበዛበት ሁሉንም ያጨልማል፣ የእናትሽ ፊት ይጠፋል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ፊታቸው ያለበትን ንኪ። ከዚያ ነጩ ነዶ ከታየሽ ብርሃኑን በጣትሽ ቀንሺ፣ የነጠላው ጥለትና ፈትሉ እስኪለይ። ካሜራው በዓይናቸው ቁመት ይሁን። ከላይ ወደ ታች የተነሳ ሽማግሌ ያንሳል።

እዚህ ሀገር ፎቶ ሲነሳ ስንት ዘመኑ ነው። ከምኒልክ ጀምሮ ለቤተ መንግሥቱ ያነሱ የነበሩት አርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተሰብ ናቸው። እኔን ያስተማረኝ ሰውዬ የነሱን ፎቶ እያሳየ «ተመልከት፣ ንግሥቲቱ ዝቅ ብላ የምትታይበት አንድም የለም» ይለኝ ነበር። «ለሰው ሁሉ እንደዚያ አንሳ» ይለኛል።

የልደታ ልጅ
ኅዳር 13፣ ጠዋት 2፡40

ትናንት ተነሳች!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዓርብ... ይቅርታ፣ ከጠየቅኋት በነጋታው ጠዋት ተነስታ «ሚካኤል ስመለስ» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም። «ፎቶውን ነዋ! ኅዳር ሚካኤል ተሳልሜ ስመለስ። ንጹሕ ሆኜ።» ማታ ጎረቤታችን መጥታ ሹሩባ ሠራቻት።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሰፈሩ ኅዳር ሲታጠን ጭሱ ገና አልተነሳም ነበር። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ወተት ይመስላል። የአባዬን ወንበር ራሷ ጎትታ መስኮቱ አጠገብ አደረገች። የተቀመጠበት ሰው እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ «ቆይ» ብላ መኝታ ቤት ገባች። ሳጥኗ ሲከፈት ሰማሁ።

በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። ፎቶ ነው። አባዬ! ወጣት አባዬ፣ የኤንትሬ ፊያት ጭነት መኪና ጎማ ላይ አንድ እግሩን አድርጎ፣ ሸሚዙ እስከ ደረቱ ተከፍቶ፣ አፉን ከፍቶ ይስቃል። ጥርሱ ሁሉ ይታያል። እኔ አባዬ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ጀርባው ላይ በሱ ጽሑፍ «ለማስታወሻ። አሰብ፣ 1967» ይላል።

«እማዬ! ይሄ እያለ ነው እኛ በዚያች ጉርድ...» ብዬ ጮህኩባት። አሁን ይቆጨኛል። እሷ ግን አልተቆጣችም። «ይሄ ለልቅሶ የሚሆን አይደለም» አለችኝ። «ይሄ የሳቀበት ነው። ሰው እያየው እንዲያለቅስበት አልፈለግኩም።»

ከዚያ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጥለቱን ወደ ፊት አመጣችው። መስቀሏን ከቀሚሷ በላይ አወጣች። ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አቁማ በሁለት እጇ ያዘችው። ቀጥ አለች። አልሳቀችም። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ነካሁ፣ ብርሃኑን ቀነስኩ። ስድስት አነሳሁ። አራተኛው ላይ አገጯን ትንሽ ቀና አድርጋ ታየኛለች፤ የመስኮቱ ብርሃን ግንባሯ ላይ ያለውን ሽብሽብ አንድ በአንድ ያሳያል፣ አውራ ጣቷ የአባዬ ጫማ ላይ አርፏል።

«ለሰው ላሳየው?» አልኳት፣ ዝምታ ያስተማረኝን። «የኔን አታሳዪ። የሱን አሳዪ፣ ያምርበታል» አለች። ስለዚህ የአባዬን ብቻ ነው የለጠፍኩላችሁ፣ ከታች ይኸው።

በስደት
ኅዳር 13፣ ማታ 5፡50

አየሁት። ሳቁ ይጋባል። የእናትሽን አላየሁትም፣ ግን ያየሁት ያህል ነው። እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ።

የፎቶ ቤቱ ሰውዬ
ኅዳር 14፣ ጠዋት 1፡20

መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አየሁት። ግሩም ፎቶ ነው። ፀሐይዋ ገና ዝቅ ያለች ናት፣ ካነሳው ሰው በስተጀርባ። እንዴት አወቅህ ትይኝ ይሆናል። ከታች፣ በግራ በኩል፣ አሸዋው ላይ ጥላ አለ። ያነሳው ሰው ጥላ ነው። አስፍተሽ እይው። ጭንቅላቱ ላይ የታሰረ ነገር ያለ ይመስለኛል። ወንድ አይመስለኝም። ማን ነው ያነሳቸው?

የልደታ ልጅ
ኅዳር 15፣ ማታ 2፡15

ጋሼ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፍልዎ።

ፎቶውን አስፍቼ ለእማዬ አሳየኋት። «ይሄ ጥላ የማን ነው?» አልኳት። ስልኩን ተወችው። ዋናውን ፎቶ ከፎጣው አውጥታ ወደ አምፖሉ አስጠጋችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ በጣቷ ነካችው። «ሻሼ ነው» አለች። 50 ዓመት ሙሉ ሳጥኗ ውስጥ ይዛው ጥላዋን አይታው አታውቅም።

እኔም ይህን አላውቅም ነበር። በተጋቡ በዓመቱ አባዬ ጭኖ ሲወርድ ይዟት ሄዷል። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሚሌ አድርገው። በረሃው ውስጥ ሌሊት እየነዳ እሷ እንዳይተኛ ትዘፍንለት ነበር። አሰብ ሲደርሱ የወደብ ሠራተኛ ጓደኛው ካሜራ ነበረው። አንስቼ ልስጣችሁ ሲል አባዬ «እሷ ታንሳኝ» አለ። ሰውየው «በዚህ እዪ፣ በዚህ ተጫኚ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ» ብሎ አሳያት።

«ምን አስቆት ነው እንዲህ?» አልኳት።

«አንዱን ብቻ መጨፈን አቃተኝ» አለች። «ሁለቱንም ጨፍኜ ተጫንኩት። እሱን አይቶ ነው።»

ከዚያ ስልኬን ጠየቀችኝ። «እስቲ አንቺም ተቀመጪ» አለች፣ ወደ አባዬ ወንበር እያሳየችኝ። ተቀመጥኩ። ፀጉሬን አስተካከለችልኝ። ፎቶው ላይ ግንባሬ ትንሽ ተቆርጧል። ነገ ጠዋት ሁለቱንም ላሳትም እሄዳለሁ።